እስከ መጨረሻው ዙር

ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ባለችበት ቤት ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «ዛሬ ምን ቀመሰች?» የሚለው ነው። ሌላው ይከተላል፦ ሌሊቱን ተኛች ወይ? ሰውነቷ ያተኩሳል ወይ? ለደም ምርመራው ማን ይዟት ይሄዳል? የታክሲውስ ከየት ይምጣ? ሐኪሞች ይህን ሁሉ ጠቅልለው «ደጋፊ ሕክምና» ይሉታል። አክስቴን ካስታመምኩ በኋላ አጥብቄ የማምነው ነገር አለ። ከጡት ካንሰር የሚያድናት መድኃኒቱ፣ ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ነው። እነዚህን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ዙር የሚያደርሳት ግን ሰው ነው። ሰው የሌላት መሃል መንገድ ላይ ትቀራለች።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 9 ሺህ ያህል ሴቶች ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሴቶች ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚቀድመው እሱ ነው። ታካሚዎቹ አሮጊቶች እንዳይመስሏችሁ። የሆስፒታሉ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ አንድ ጠዋት ብትቀመጡ የምታዩአቸው ብዙዎቹ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ ልጅ ያዘለች፣ ጉልቷን ለጎረቤት አደራ ብላ የመጣች፣ የተማሪዎቿን ደብተር እዚያው ጭኗ ላይ የምታርም መምህርት።

እቴቴ የመጣችው ከወረኢሉ ነው። አክስቴ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እቴቴ እያልኩ ነው የምጠራት። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ስላላመማት ዝም አለችው። የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሴቶቻችንን ከሚያዘገዩአቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ እኛ ዘንድ ያላመመ ነገር በሽታ አይባልም። ደሴ ላይ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ሲመጣ ሪፈር ተጻፈላት፣ እሷም ጓዟን ይዛ አዲስ አበባ እኔ ቤት ገባች።

የቤተሰቡ የመጀመሪያ ስብሰባ እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት ጠብቀን ጓሮ ያደረግነው ነው። አጎቴ «አይነገራት፤ ስሙን ከሰማች እዚያው ትሞትብናለች» አለ። ክፉ ወሬን በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀስ አድርጎ የሚያረዳ ሕዝብ ነን፤ የአጎቴም ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነው። ግን መርዶ የሚነገረው ላለቀ ነገር ነው፣ ይህ ደግሞ ገና የሚጀመር ነው። የበሽታዋን ስም ያልሰማች ሴት ጸጉሯ ለምን እንደሚረግፍ፣ ሲያተኩሳት ለምን በእኩለ ሌሊት መነሣት እንዳለባት፣ እብጠቱ ሲያንስ «ደህና ሆኛለሁ» ብላ ለምን ሕክምናውን መተው እንደሌለባት በምን ታውቃለች? እኛ እንዲህ ስንከራከር እቴቴ ቀደመችን። ሐኪሙ ፊት ተቀምጣ «ነቀርሳ መሆኑን ደሴ ነው ያወቅሁት፤ እነዚህ ልጆች እስኪበረቱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችው። ለካ እሷም ለእኛ ስትደብቅ ነበር የሰነበተችው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች በየ21 ቀኑ የሚሰጥ፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት ያለበት ነበር፤ ከዚያ ፓክሊታክሴል የሚባል ሌላ የኬሞ መድኃኒት ይከተላል። ለብዙ ሴቶች የሚታዘዘው እንዲህ ነው። ቀዩ መድኃኒት ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፣ ጉዳትም የለውም። ይህን ግን የነገረን አልነበረም። እቴቴ ሽንት ቤት ገብታ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ደም እየፈሰሰኝ ነው፤ በቃኝ፣ አገሬ ውሰዱኝ» አለች። መድኃኒቱን ስትወስድ አጠገቧ ከተቀመጠች አንዲት የአርሲ ሴት ጋር ስልክ ተለዋውጠው ነበርና ደወልኩላት። «የመድኃኒቱ ቀለም ነው እህቴ፣ እኔም እንደዚሁ ደንግጬ ነበር። ነገ ይለቃታል፣ ውኃ በደንብ ትጠጣ» አለችኝ። እቴቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ደግማ ጠየቀቻት። ወደ ወረኢሉ መመለሱም በዚያው ቀረ።

ያች ሴት ባትኖር ኖሮ ሕክምናው በመጀመሪያው ዙር ያበቃ ነበር። ነርሶቹን አልወቅስም፤ በአንድ ጠዋት ስንት ክንድ ላይ መርፌ እንደሚተክሉ ተቀምጬ አይቻለሁ። ነገር ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ለእያንዳንዷ ታካሚ ቢሰጥ፣ ማንበብ ለማትችለው ደግሞ ይኸው በድምፅ ተቀርጾ ልጇ ስልክ ላይ ቢጫንላት፣ ስንት ሴት ከድንጋጤ ትድን ነበር! ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ስለ ማቅለሽለሹ ብዙ ሰው የሚያውቀው ክፉነቱን ብቻ ነው፤ መድኃኒት እንዳለው የሚያውቀው ጥቂት ነው። ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን አብረው ይታዘዛሉ፤ ዋናው ቁም ነገር ማስታወኩ ሳይጀምር አስቀድሞ መዋጣቸው ነው። አንዴ ከጀመረ በኋላ ክኒኑ ሆድ ውስጥ አይቆይም። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፤ ለዚህ ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ተልባ ረድቶናል። የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ ግን መድኃኒት አልተገኘለትም። ወጣችንን ጎረቤታችን እሷ ቤት እየሠራች በሳህን ታመጣልን ጀመር። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ የቡናው ነገር ነው። እቴቴ በቀን ሦስት ጊዜ ካላፈላች ራሷን የሚያማት ሴት ናት፤ ሲቆላ ሽታው ገና ከሩቅ ያስታውካት ጀመር። ረከቦቱ አልጋ ሥር ገባ። ጎረቤቶቻችን ሲመጡ ሻይ ስናቀርብላቸው ነገሩ ይገባቸው ነበር፣ አይጠይቁም።

አፏ ሲቆስል በርበሬ የማይታሰብ ሆነ። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ አልጫ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። አፏን በጨውና በቤኪንግ ሶዳ ውኃ በቀን ብዙ ጊዜ ትጉመጠመጥ ነበር። ዘመድ «ደም ይሆናታል» ብሎ ያመጣውን ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ግን አጥብቀን ከለከልን። ያልፈላ ወተትም እንደዚሁ።

ምክንያቱን በደንብ ልንገራችሁ፤ ነፍስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። በዚያን ጊዜ በሌላ ቀን ሰውነት በቀላሉ የሚያሸንፈው ጀርም ሊገድል ይችላል። የሚታየው ምልክት አንዳንዴ ትኩሳት ብቻ ነው። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ይሁን በዓል፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «እስኪነጋ እንየው» ማለት ትኩሳቱን ደብቆ በሽታውን መልቀቅ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በጊዜ መጀመር አለበት። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ከስምና ከአድራሻ በፊት «ኬሞ ላይ ናት» በሉ። እኛ የኬሞ ካርዷን፣ የመጨረሻውን የደም ውጤትና የታክሲ ብር በአንድ ቦርሳ አድርገን በሩ ጀርባ ሰቅለን ነበር የምንተኛው። ከአስታማሚ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ቴርሞሜትር ነው። በእጅ ግንባር መዳሰስ አይበቃም።

የጠያቂውም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የታመመን መጠየቅ ከምወዳቸው ባህሎቻችን አንዱ ነው፤ ግን ነጭ ሴሏ በወረደ ሳምንት በአንዲት ክፍል ዐሥራ አምስት ሰው፣ ከመሃሉ አንዱ እያሳለ፣ ልጆች እየተሯሯጡ፣ እሷም ለክብር ብላ ተነሥታ ለመቀመጥ እየታገለች... አይሆንም። በሩ ላይ ውኃና ሳሙና አስቀመጥን። «ምን እናምጣ?» ላሉት ሁሉ ብርቱካንና ሙዝ ከማለት ሥራ ሰጠናቸው፦ አንዷ የረቡዕ ወጥ፣ አንዱ የሰኞ የደም ምርመራ፣ ሌላዋ ልብስ ማጠብ፣ መኪና ያለው መመላለስ። ማንም አልተቀየመም። ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ምን እንደሚይዝ የሚነግረው ነው።

ጸጉሯ መርገፍ የጀመረው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ባህላችን ውስጥ ራሷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ማን ሞተብሽ?» ይላታል። እቴቴ ከመላጣነቱ ይልቅ የፈራችው ይህን ጥያቄ ነበር። ታላቋ ልጇ ከደሴ መጥታ፣ በረንዳው ላይ ዱካ አስቀምጣ፣ ሹሩባዋን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጠችላት፤ የቀረውን በማሽን አነሣችው። እቴቴ ሹሩባዎቹን ከመሬት ራሷ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው፤ እስክትጨርስ ማንም ሊያግዛት አልደፈረም። ከዚያ «በሉ ሻሹን አምጡ» አለች። ሻሹ ከጥጥ ይሁን፤ ናይለን የቆሰለ ራስ ቅል ያሳክካል። «ማን ሞተብሽ?» ለሚላት ደግሞ መልስ አዘጋጀች፦ «ማንም አልሞተብኝ፤ መድኃኒት ላይ ነኝ።» ከፊት ለፊቷ የቆመው ሰው የሚመልሰው አጥቶ ሲቆም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ኬሞው ዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። እንቁላልና ወተት መቅመስ ለእሷ ከመርፌው የሚከብድ ነገር ነበር። እኛ ብንለምናት አልሰማችንም። የንስሐ አባቷ ግን ስልክ ተደውሎላቸው «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾሙ ሕመሙ ነው፤ የታዘዘልሽን ብዪ» አሏትና ነገሩ አለቀ። የጸበሉም ጉዳይ እንዲሁ ከእምነት አባቶች አፍ ሲሰማ ይቀላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለብዙ ሰው መድኃኒቱን ሳይጥል ጸበል መግባት የተቻለው እንዲህ ዓይነት ቃል ከወጣ በኋላ ነው። ለካንሰር ታማሚዎችም ይህ ቃል በየደብሩ ዐውደ ምሕረት ቢነገር እመኛለሁ። ሦስት ዙር ወስዳ ጸበል ቦታ ልክረም ብላ ሄዳ፣ ከወራት በኋላ ጡቷ ፈንድቶ የተመለሰች ሴት አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። እምነቷን የሚነቅፍ ነገር የለኝም፤ ሁለቱን አብራ እንድትይዝ የሚነግራት ሰው ነው ያጣችው።

«ታማሚን እንዴት ነሽ ብሎ መጠየቅ ምን ይፈይዳል?» ለሚል ሰው የምጠቅሰው አንድ ጥናት አለ። ኒውዮርክ በሚገኘው በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የተደረገ ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ካንሰራቸው የተሰራጨ 766 ታካሚዎች ተሳትፈውበታል፣ የጡት ካንሰር ያለባቸውም ከነሱ መሃል አሉ። አንደኛው ወገን እንደተለመደው ታከመ። ሌላው ወገን 12 የተለመዱ የሕመም ስሜቶችን፣ ማቅለሽለሹን፣ ሕመሙን፣ ድካሙን፣ በየጊዜው በኮምፒውተር እንዲመዘግብ ተደረገ፤ ሲብስበት መልእክቱ ለነርስ ይደርሳል፣ ነርሷም ትደውላለች፣ መድኃኒት ታስተካክላለች። እንደተለመደው የታከሙት መካከለኛ የመኖር ጊዜ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ የኖሩበት) 26 ወር ሲሆን ሕመማቸውን የመዘገቡት 31.2 ወር ሆነ። አምስት ወር ነው ልዩነቱ። ስንት ውድ መድኃኒት ከዚህ ባነሰ ጥቅም ይሸጣል! እኛ አገር ለእያንዳንዷ ታካሚ ኮምፒውተር ባይኖርም ስልክ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በኬሞው በሦስተኛውና በዐሥረኛው ቀን የምትደውል አንዲት ነርስ ይህንኑ ልትሠራ ትችላለች።

ርቀት ደግሞ ሌላው ጠላት ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ኋላ ጅማ፣ ከዚያም ሌሎች ተጨመሩ፤ ወረፋው ግን በወራት ይቆጠር ነበር። ጨረር ለሳምንታት በየቀኑ የሚሰጥ ነገር ነው። ከጎንደር ወይም ከጎዴ የመጣች ሴት እነዚያን ሳምንታት የት ታድራለች? እቴቴ እኔ ነበርኩላት። ሰው ለሌላቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ፣ ምግብና መጓጓዣ እየሰጠ ቆይቷል። ልጁን በደም ካንሰር ያጣ አባት የልጁን ስም ሰጥቶ ያቆመው ድርጅት ነው። አንድ አልጋ ከአንድ ዙር ኬሞ እኩል ሕይወት እንደሚያድን ያየ ሰው ያውቀዋል።

በቀዶ ሕክምናው ከጡቱ ጋር የብብቷ ንፍፊቶች ተወሰዱ። በዚያ በኩል ያለው ክንድ ዕድሜዋን ሙሉ ሊያብጥ ይችላል፤ ፈሳሹ የሚሄድበት መንገድ ተቆርጧልና። ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረቻት ቀላል ነገር ነበር፦ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣቶች ወደ ላይ መውጣት። እርሳስ አሰርንላትና የደረሰችበትን በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ ትጭራለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከትከሻዋ አላለፈችም፣ በኋላ ከመስኮቱ ጉበን በላይ ደረሰች። ለእኛ ሴቶች የሚያስቸግረው ምጣዱ ነው። በዚያ ክንድ ላይ ትንሽ ቃጠሎ፣ ትንሽ የቢላ ጭረት እንኳ ወደ ኢንፌክሽን ሊዞር ይችላል፤ አክንባሎ የሚያነሣ እጅ ደግሞ እንፋሎቱ ሳይነካው አይውልም። እንጀራ መጋገሩን ሙሉ በሙሉ ተረከብኳት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ጓንት ታደርጋለች። ዋሽንግተን ያለች የአጎቴ ልጅ ክንድ የሚያጠብቅ እጅጌ ልካላታለች፤ እዚህ ፈልጌ ልኳን አላገኘሁም።

የጡቱን ቦታም መሙላት ነበረባት። ጨርቅ ጠቅልላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ስታደርግ ይቀልና ወደ አንገቷ ይወጣል፤ ትከሻዋም ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ሽሮ ሜዳ አንዲት ልብስ ሰፊ በጥጥ ጨርቅ ከረጢት ሰፋችላት፤ ውስጡ ጥጥ፣ መሃሉ ላይ ለክብደት አንድ እፍኝ ምስር። ክብደቱን ከቀረው ጡት ጋር እስኪመጣጠን ምስሩን ሦስት አራቴ ጨምራ ቀነሰች። እቴቴ ቀሚሷን ለብሳ ልብስ ሰፊዋ መስታወት ፊት ቆመች፣ ወደ ጎን ዞር አለች፣ ከዚያ «ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል» አለች።

ማንም የማያነሣው ደግሞ የባልና የሚስት ነገር ነው። ኬሞና ታሞክሲፈን የሚባለው የሆርሞንን ሥራ የሚያግድ ክኒን ሴትን ያለ ዕድሜዋ ከወር አበባ ሊያቋርጧት ይችላሉ፤ ሙቀት ሙቀት ይላታል፣ ሰውነቷ ይደርቃል፣ ፍላጎቷ ይጠፋል። ሐኪም ፊት ባሏ አጠገብ ተቀምጦ ይህን የምትናገር ሴት አላየሁም። ልትወልድ የምታስብ ወጣትም ለሐኪሞቹ ኬሞ ከመጀመሯ በፊት እንጂ ከጨረሰች በኋላ ብትነግራቸው አይረዳትም። ጠያቂዋ ሴት ነርስ ብትሆን፣ በሩ ቢዘጋ፣ ባልየው ለአምስት ደቂቃ ቢወጣ ብዙ ነገር ይወጣ ነበር።

ሕመም ስለሚያሰቃያቸውም ላንሣ። ሞርፊን ሲባል «አበቃላት» ብለው የሚያለቅሱ ቤተሰቦች አሉ። ሞርፊን የሚሰጠው ሕመሙ ስለጠና ነው፤ ስትሞት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶቹን እየላከ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ ይከታተላል። እንዲህ ያለ አገልግሎት በየከተማው ቢኖር ስንት ሴት ጥርሷን ነክሳ ከማደር ትገላገል ነበር።

አሁን እቴቴ ወረኢሉ ናት። የበሽታዋ ዓይነት ሆርሞን የሚቀበል ስለሆነ ታሞክሲፈኗን በየቀኑ ትውጣለች፤ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለአንዳንዶች እስከ 10። ደህና ነኝ ተብሎ የሚጣለው ክኒን ይህ ነውና በየወሩ መጀመሪያ እደውላለሁ፤ ደሴ ካጣችው አዲስ አበባ ካለው ከነማ ፋርማሲ ፈልጌ በአውቶቡስ እልካለሁ።

እኔ ደግሞ የሰፈራችንን እድር ይዣለሁ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይተከላል፣ ብሩ በዚያው ቀን ይወጣል፣ ንፍሮ የሚቀቅለው ተራ በስም ተጽፏል። ይህ ሁሉ አቅም ሰውየው በሕይወት ሳለ የት ነበር? በአንዳንድ ሰፈር ለታመመ አባል የሚያወጡ እድሮች አሉ፤ የእኛ ደንብ ግን የሚያውቀው ሞትን ብቻ ነው። በዚህ ወር ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ ኬሞ ወይም ጨረር ላይ ላለ አባል ወይም ቤተሰብ የመጓጓዣ ብር ከሣጥኑ እንዲወጣ፣ ቀብር የማይቀሩት ጎረምሶች ለምርመራ ቀን ተራ እንዲይዙ፣ እድሩ ሁለት ቴርሞሜትር እንዲገዛ። ሊቀ መንበሩ «ልጄ፣ ገንዘቡ ለቀብር ሲጎድል ማን ይጠየቃል?» አሉኝ፤ ጥያቄያቸው የሚገባ ነው። ሒሳብ ያዡ የሦስት ዓመቱን ወጪ አውጥቶ ምን ያህል እንደሚቻል እንዲያቀርብ ተወሰነ። ቴርሞሜትሩን ግን የሴቶቹ ወገን ስብሰባው ሳይበተን አዋጥቶ ገዝቶታል፤ በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድስቶቹ ጋር፣ በመዝገብ ገብቷል። ለመዋስ የእድር ካርድ ብቻ ማሳየት ይበቃል።